የደጋ ቤት ለክረምትና ለውርጭ ስለሚሰናዳበት አኳኋን

በደጋ አገር ብርድ ሁለት ዐይነት ነው። አንደኛው ከሰኔ 26 ቀን እስከ መስከረም 25 ቀን በሚቈጠረው በክረምት ወራት ከዝናብና ከጉም ጋራ የሚመጣው እርጥብ ብርድ ነው። ሁለተኛው ዝናቡ ካቆመ በኋላ፥ በጥቅምት በኅዳርና በታኅሣሥ፥ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ሌሊቱን ውርጭ ሆኖ የሚወርደው ደረቅ ብርድ ነው። በመንዝና በግሼ፥ በሰሜን ተራራ፥ በመቄትም የሚኖረው ሕዝብ ሁለቱንም ያውቃቸዋል። ዳሩ ግን ቤትን አብዝቶ የሚጐዳው የመጀመሪያው ነው። የረጠበ ግድግዳና የረጠበ መኝታ የእሳቱን ሙቀት ሁሉ ይመጠዋል፤ የደረቀ ቤት ግን እሳቱ ትንሽ ቢሆን እንኳ ይሞቃል። ስለዚህ ቤትን ለብርድ ማሰናዳት ማለት አስቀድሞ ውሃን ከቤት ማራቅ ማለት ነው።

ይህ ሥራ የሚሠራበት ጊዜ እጅግ አጭር ነው። ግንቦትና የሰኔ መጀመሪያ ገበሬው እርሻውን የሚያለሰልስበት ወራት ነው፤ የበልግ እህል በሚዘራበት አገር ደግሞ አጨዳው ከዚሁ ጋራ ስለሚጋጠም ቀኑ ይብሱን ይጠባል። በነዚህ ሳምንቶች አንድ ሹም ገበሬውን ለስብሰባ ወይም ለቀጠሮ ደጋግሞ ቢጠራው፥ የጠፋው ቀን ከጣራው ላይ የተወሰደ መሆኑን ሊያስብ ይገባዋል።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚታየው ጣራ ነው። የሣር ክዳን ሙቀት የሚይዘው በአገዳዎቹ መካከል የማይንቀሳቀስ አየር ስላለ ነው፤ ውሃም የማያስገባው ቁልቁለቱ ጠንከር ያለ ሲሆን ነው። ጣራው ከተንጋለለ ውሃው መንሸራተቱን ትቶ ይሰርጋል፥ ሣሩም ይበሰብሳል። ጉድለቱን ለማወቅ በቀትር በሩን ዘግቶ ከውስጥ ወደ ላይ መመልከት ነው፤ ብርሃን የሚገባበት ሁሉ ውሃ ይገባበታል። ከውጭ ሲታይም አረንጓዴ ሽበት ያበቀለው ስፍራ የበሰበሰ ነው። በብዙ ስፍራ ሰዎች በበሰበሰው ላይ አዲስ ሣር ጭነው ይተዉታል። ይህ ልማድ መልካም አይደለም፤ እርጥቡ አሮጌ ሣር አዲሱን በአንድ ክረምት አብሮ ያበሰብሰዋልና። የተበላሸውን ነዶ መዝዞ አውጥቶ፥ አዲሱን ከበላዩ ካለው ደኅና ሣር ሥር አስገብቶ ማሰር ይገባል። የጣራው ክፈፍም ከግድግዳው አንድ ክንድ ያህል ወጣ ቢል ጠፈጠፉ ምርጊቱን አይነካውም።

ነገር ግን ሣር በግንቦት ተፈልጎ አይገኝም። ለክዳን የሚሆን ሣር ጠንክሮ ሳይታጨድ፥ ከብትም ሳይበላው የሚቆየው አስቀድሞ የሚጠብቀው ሰው ሲኖር ነው። ለዚህ ታላቅ ምሳሌ የሚሆነው በመንዝ ያለው የጓሣ ምድር ነው። ይህ ስፍራ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ሆኖ ስፋቱ ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ስሙን የሰጠው የጓሣ ሣር ለቤት ክዳን፥ ለገመድ፥ ለዝናብ መከላከያ ገሳም ይሆናል። ሕዝቡ ይህን ምድር ቄሮ በሚባል ሥርዓት ለብዙ ዘመን ጠብቆታል። ይኸውም ራሳቸው በመረጧቸው አለቆች ቃል ስፍራው ለዓመታት ተዘግቶ ይቆይና፥ በተወሰነ ጊዜ ብቻ ለአጨዳና ለግጦሽ ይከፈታል፤ ሥርዓቱን የጣሰ ይቀጣል። የገጠር መሬት በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ የሕዝብ ከሆነ በኋላ፥ መብቱ በአቅኚዎች ትውልድ ላይ የተመሠረተው ይህ ሥርዓት ፈረሰ፥ ሣሩም ተጐዳ። ከዚያ ወዲህ ግን የአገሩ ሰዎች በአዲስ መተዳደሪያ ደንብ ጥበቃውን መልሰው አቁመውታል። ሣር የጠፋበት ወረዳ ሹም ከዚህ የሚማረው፥ ለክዳን የሚሆን አንድ ተዳፋት ከመስከረም በፊት በሕዝቡ ስምምነት ማስከለል እንደሚቻል ነው።

በአሁኑ ዘመን በብዙ ደጋ አገር ሣሩ ቀርቶ ቆርቆሮ ተተክቷል። ቆርቆሮ ዝናብን አሳምሮ ይከለክላል፥ ቶሎም አያረጅም። በብርድ በኩል ግን ከሣር ያንሳል፤ ሌሊት ፈጥኖ ይቀዘቅዛል፥ የሰውና የድስት እንፋሎትም ከሥሩ ወደ ውሃ ተለውጦ በተኛው ሰው ላይ ይንጠባጠባል። መድኃኒቱ ኮርኒስ ነው። ገንዘብ የሌለው ሰው ከሸምበቆ ወይም ከቀርክሃ የተሠራ ርብራብ ላይ ሰሌን ቢዘረጋ፥ በሰሌኑና በቆርቆሮው መካከል የሚቀረው አየር የሣሩን ሥራ በከፊል ይሠራለታል። ነገር ግን ይህ ኮርኒስ ከምድጃው በላይ እንዳይደርስ ጥንቃቄ ያስፈልጋል።

ከጣራው ቀጥሎ ቦይ ነው። ቤቱ በተዳፋት ላይ ከሆነ፥ ከላይ የሚመጣው ጐርፍ መሠረቱን ሳይነካ በሁለት ወገን እንዲሄድ ከቤቱ በላይ በግማሽ ጨረቃ አምሳል ይቈፈራል። ግድግዳው የተሰነጠቀ እንደሆነ ከጭድ ጋራ ተቦክቶ ጥቂት ቀን በሰነበተ ጭቃ ይመረጋል፤ ጭዱ ጭቃውን እንዳይሰነጠቅ ይይዘዋል። ከድንጋይ በተሠራ ቤት በድንጋዮቹ መካከል ያለውን ቀዳዳ መድፈን ይበቃል። የመኝታ መደብ ዝናብ ከሚመታው ግድግዳ ራቅ ቢል ይሻላል።

ማገዶም በበጋ ደርቆ ከደጃፍ ካልተከመረ በሐምሌ አይገኝም። ኩበቱ ከመሬት ከፍ ባለ ስፍራ ተከምሮ መሸፈን አለበት። እዚህ ላይ በብርቱ መነገር ያለበት ነገር አለ። ብርድን በመፍራት ከሰል ወይም ፍም በተዘጋ ክፍል ውስጥ አንድዶ መተኛት ሰውን ይገድላል። ከከሰሉ የሚወጣው መርዘኛ አየር ቀለምም ሽታም ስለሌለው፥ የተኛው ሰው ሳይነቃ ይሞታል። ስለዚህ ፍሙ ከመኝታ በፊት ወደ ውጭ ይውጣ፤ ጭሱም መውጫ ይኑረው።

በክረምት ሰው ሁሉ በአንድ ክፍል ተጠጋግቶ ስለሚተኛ፥ ልብስም ስለማይደርቅ፥ ቅማል ይበዛል። ግርሻና ተስቦ የሚባሉትን የትኩሳት በሽታዎች ከሰው ወደ ሰው የሚያሻግረው ይህ ቅማል ነው። ባናውን፥ አጐዛውንና ቁርበቱን ፀሐይ በታየ ቀን ሁሉ ማስጣት፥ የሰውነት ልብስንም በፈላ ውሃ ማጠብ ይገባል። ከብቱን ከሰው ጋራ ማሳደር ሙቀት እንደሚሰጥ የታወቀ ነው፤ ቢሆንም ቁንጫና እርጥበት ስለሚያመጣ ቢያንስ በአጥር ተለይቶ፥ ሽንቱ ወደ ውጭ የሚወርድበት ቦይ ይበጅለት።

የአቅመ ደካሞችን ቤት በክረምት በጎ ፈቃድ ሥራ ማደስ ዛሬ የተለመደ ነው። አሳቡ የተመሰገነ ሆኖ ሳለ፥ ሥራው በሐምሌና በነሐሴ ሲሆን ዝናቡ ቀድሞ ገብቷል፤ በዚያ ወራት የተመረገ ጭቃ አይደርቅም፥ እርጥብ ሣርም ቢከደን ይሻግታል፥ አሮጊቲቱም ጣራዋ በተነሣበት ሌሊት የምታድርበት የላትም። በየቀበሌው ጣራቸውን ወጥተው ሊያድሱ የማይችሉ ሽማግሌዎችና ባልቴቶች ከሚያዝያ መጨረሻ በፊት ተቈጥረው፥ ሣሩ በኅዳር ታጭዶ ተከምሮላቸው፥ ደቦው በግንቦት ቢወጣ፥ አንድ መካከለኛ የሣር ቤት በጥቂት ቀን ሊከደን ይችላል።