ወባን በማግኔት ስለ መለየት

የወባ በሽተኛ ደም በማይክሮስኮፕ ሲመረመር ውጤቱ የሚመካው በመርማሪው ዐይን ነው፤ ዐይን ደግሞ ይደክማል። ስለዚህ የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋምና የሲንጋፖር ተመራማሪዎች እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2014 የገለጹትን ሌላ መንገድ ልናስረዳ ወደድን።

የወባ ተሐዋሲ ቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ገብቶ ሄሞግሎቢንን ይመገባል። የሚተርፈው ብረት ያለበት ሄም ግን ለራሱ መርዝ ስለ ሆነ፣ ሄሞዞይን ወደሚባል ጠጣር ቅንጣት ይለውጠዋል። የሚያጋልጠውም ይኸው በጓዳው የሸሸገው ጥራጊ ነው። ከአንድ ጠብታ ያነሰ ደም በትንሽ ቋሚ ማግኔት መካከል ተደርጎ የሬዲዮ ሞገድ ሲላክበት፣ በደሙ ውኃ ያሉት የሃይድሮጅን ኒውክሊየሶች ባንድነት ይዞራሉ፤ ምልክታቸውም ቀስ በቀስ ይጠፋል። ሄሞዞይን ካለ ግን በዙሪያው ያለውን የማግኔት መስክ ስለሚያዛባ ምልክቱ ፈጥኖ ይጠፋል። የሚለካው ይህ ፍጥነት ነው። ደሙን ቀለም መቀባት አያስፈልግም፤ ውጤቱም በደቂቃዎች ይታወቃል። መሣሪያው ትንሽ ስለ ሆነ ከበሽተኛው አልጋ አጠገብ ሊቆም ይችላል።

ሆኖም አንድ ሥጋት አለን። ሄሞዞይን ተሐዋሲው ከሞተ በኋላም በነጭ የደም ሕዋሳት ውስጥ ይቈያል፤ ለጋው ተሐዋሲ የሚያጠራቅመውም እጅግ ጥቂት ነው። እንግዲህ የዳነውን እንደ ታማሚ፣ ሕመም የጀመረውን እንደ ጤነኛ እንዳይቈጥር፣ ወባ በሚበዛበት ቆላ ከማይክሮስኮፑ ጎን አቁሞ መፈተን ያስፈልጋል።