በሥዕል ሁለተኛ ዲግሪ መማር ምን ማለት ነው?

ተመርቆ የመጣ ልጅ “በሥዕል ሁለተኛ ዲግሪ ልማር ነው” ሲል፣ በብዙ ቤት የሚከተለው ጥያቄ “ምን ልትበላበት?” የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ለመመለስ ግን ትምህርቱ ራሱ ምን እንደሆነ ማወቅ ይቀድማል።

ሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም ቺካጎ ተምረው ከተመለሱ በኋላ በ1950 ዓ.ም አዲስ አበባ ላይ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አቋቋሙ። ዛሬ በስማቸው የሚጠራው ይህ ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ሆኖ በሁለተኛ ዲግሪም ያስተምራል።

በዚህ ዘርፍ ከፈተና ውጤት ይልቅ ትልቅ ክብደት የሚሰጠው ለፖርትፎሊዮ፣ ማለትም አመልካቹ ከሥራዎቹ መርጦ ለሚያቀርበው ስብስብ ነው። ለዘር የሚሆን ዛላ ከማሳው የሚመርጥ አርሶ አደር የዚህን ሥራ ክብደት አያጣውም።

ከገባ በኋላ አብዛኛው ጊዜ የሚያልፈው በስቱዲዮ ነው። ተማሪው ብቻውን ሲሠራ ይቆይና ሥራውን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ በመምህራንና በጓደኞቹ ፊት ይቆማል። ይህ ቀለም ለምን ተመረጠ? ሸራው ለምን ይህን ያህል ሰፋ? እያሉ ያፋጥጡታል። ጎበዝ የተባለው እንኳ የወራት ድካሙን አውርዶ እንደ አዲስ የሚጀምርበት ጊዜ አለ። የሚመረቀውም ዐውደ ርእይ አሳይቶ፣ ስለ ሥራውም ጽፎ ነው።

በአሜሪካ ትምህርቱ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ዓመት ይወስዳል። የዘርፉ የመጨረሻ ዲግሪ ተብሎ ስለሚታወቅም በዩኒቨርሲቲ ለማስተማር ያበቃል። አዲስ አበባ የተወለደችው ጁሊ ምሕረቱ ዲግሪውን ያገኘችው እ.ኤ.አ. በ1997 ከሮድ አይላንድ የዲዛይን ትምህርት ቤት ነው። ክፍያው ግን ከባድ ነው። በረዳት መምህርነት ለሚያገለግሉ ተማሪዎች ክፍያውን የሚያነሱ ዩኒቨርሲቲዎች ስላሉ፣ ወላጅ በሬውን ከመሸጡ በፊት ክፍያው መነሣቱንና የኑሮ ድጎማ መኖሩን የሚገልጽ ደብዳቤ ሊያይ ይገባል።

ከምረቃ በኋላ የሥዕል ገቢ ዝናብ ጠብቆ እንደሚያርስ ገበሬ ምርት ነው፤ ጥጋብም አለው፣ ድርቅም አለው። ብዙዎች ማስተማርን ደግፈው የሚይዙት ለዚህ ነው። ወልድያ የተወለዱት ሠዓሊ ታደሰ መስፍን በሶቪየት ኅብረት ተምረው ከተመለሱ በኋላ በአዲስ አበባው ትምህርት ቤት ለረጅም ዓመታት አስተምረዋል። በሥዕሎቻቸው ገነው የሚታዩት፣ ገበያተኛው በየቀኑ ዋጋ ተከራክሮ የሚያልፋቸው የጉልት ቸርቻሪ ሴቶች ናቸው።