የወንጀል ካርታ ምን ይነግረናል?

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይላል ያገራችን ሰው። ቤት ሊከራይ የፈለገ ሰው የሰፈሩን ጸጥታ አስቀድሞ ከጎረቤት፣ ከባለ ሱቅና ከዘበኛ መጠየቁ በየትም አገር የተለመደ ነው። ዛሬ በእንግሊዝና በአሜሪካ የሚኖር ሰው ግን ይህንኑ ጥያቄ ለካርታ ለማቅረብ ይችላል። በኢንተርኔት ላይ የመንገዱን ስም ቢጽፍ፣ በአካባቢው ለፖሊስ የተነገረው ስርቆት፣ ድብድብና ዘረፋ በነጥብ በነጥብ ሆኖ ይታየዋል።

ሐሳቡ ግን ዛሬ የተወለደ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1829 ዓ.ም. አንድሬ ሚሼል ጌሪና አድሪያኖ ባልቢ የተባሉ ሊቃውንት የፈረንሳይን የወንጀልና የትምህርት ሁኔታ በየአውራጃው ለይተው በካርታ አወጡ። ትምህርት በተስፋፋበት ሁሉ ወንጀል ይቀንሳል ተብሎ ይታመን ነበር፤ ካርታዎቹ ጎን ለጎን ሲታዩ ግን ነገሩ እንደ ታሰበው ሆኖ አልተገኘም። ከዚያም በኋላ ፖሊሶች በጣቢያቸው ግድግዳ ላይ ካርታ ሰቅለው፣ ወንጀል በተፈጸመበት ስፍራ ስፒል መሰካትን ልማድ አደረጉ። ይሁን እንጂ ያን ካርታ የሚያየው ፖሊሱ ነበር እንጂ ሕዝቡ አልነበረም።

እ.ኤ.አ. በ2005 ዓ.ም. አድሪያን ሆሎቫቲ የተባለ ጋዜጠኛ የቺካጎ ፖሊስ የሚያወጣውን መዝገብ ከጉግል ካርታ ጋር አጋጥሞ ለሕዝብ ገለጠው። በእንግሊዝና በዌልስ ደግሞ መንግሥት ራሱ እ.ኤ.አ. በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ የየመንገዱን ወንጀል የሚያሳይ ካርታ ከፈተ። በመጀመሪያው ቀን ተመልካቹ ከመጠን በላይ ስለ በዛ አገልግሎቱ ለጊዜው እስከ መቋረጥ ደረሰ። ዓላማው ነዋሪው የሰፈሩን ሁኔታ ዐውቆ ፖሊሱን «ምን ሠራችሁ?» ብሎ ለመጠየቅ እንዲችል ነው። ይህም በእውነት የሚመሰገን ነው።

ነገር ግን «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» እንደሚባለው፣ ነጥቡ ከየት እንደ መጣ ሳይጠይቁ መፍረድ አይገባም።

በመጀመሪያ፣ በእንግሊዙ ካርታ ላይ ነጥቡ ያረፈበት ቦታ ወንጀሉ የተፈጸመበት ትክክለኛ ቦታ አይደለም። የተበደለው ሰው ማንነት እንዳይታወቅ ሲባል አድራሻው ወደ አንድ የወል ነጥብ ይዛወራል። የነጥቡም ክልል ቢያንስ ስምንት አድራሻ የሚያጠቃልል ወይም ማንም የማይኖርበት ነው። ስለዚህ ነጥቡ ከአንድ ቤት ደጃፍ ስላረፈ በዚያ ቤት ላይ አይፈረድም።

ሁለተኛ፣ የሚቆጠረው ለፖሊስ የተነገረው ብቻ ነው። ከ1982 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዚያው አገር ቤተ ሰቦችን የደረሰባቸውን በደል የሚጠይቅ ጥናት ይካሄዳል፤ ለፖሊስ ሳይነገር የሚቀረው ወንጀል ብዙ መሆኑን ያስረዳል። እንግዲህ ነጥብ የበዛበት ሰፈር ሕዝቡ ፖሊሱን አምኖ የሚያመለክትበት፣ ነጥብ የሌለበትም ፍርሃት አፉን የዘጋው ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛ፣ የሰውን ብዛት ማሰብ ያስፈልጋል። ቲያትር ቤቱና ሱቁ የበዛው የለንደን ዌስት ኤንድ በነጥብ የተሞላ ነው። ከተሰረቀው ሰው ብዙው ግን አላፊ አግዳሚ ስለ ሆነ፣ ስርቆቱን በጥቂቱ ነዋሪ ቁጥር ማካፈል ሰፈሩን ያለ አግባብ መክሰስ ነው።

ይህን ሁሉ የምንለው በነገሩ የሚጎዳ ሰው ስላለ ነው። በአንድ ሰፈር ላይ ክፉ ስም ከወጣ የቤቱ ዋጋ ይወርዳል፤ ነጋዴውም ሱቅ ለመክፈት ያመነታል። የእንግሊዙ ካርታ በወጣ ጊዜ፣ ባለ ቤቶች የቤታቸው ዋጋ እንዳይወርድ ሲሉ የደረሰባቸውን በደል ይደብቃሉ የሚል ሥጋት ተነሥቶ ነበር። እንዲህ ከሆነ ካርታው ንጹሕ መስሎ ይታያል፤ ሌባው ግን ከነበረበት አልተነቀለም።

ነገ በቁጥርና በካርታ ላይ ተመሥርቶ ውሳኔ የሚሰጠው የዛሬው ተማሪና ወጣት ሹም ነው። ስለዚህ ካርታ በፊቱ በተዘረጋ ጊዜ ሦስት ጥያቄ አይርሳ፦ ይህን የቆጠረው ማን ነው? ሳይቆጠር የቀረው ምንድን ነው? ቁጥሩስ ከስንት ሰው መካከል ነው? ካርታው ሊሄዱበት የሚገባውን ስፍራ ያመለክታል፤ ከስፍራው ደርሶ ነዋሪውን መጠየቅ ግን የሰው ሥራ ነው።