ስለ በላዔ ሰብእ ታሪክ በሮቢት የሚሰጠው አስተያየት

ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ሰይጣን ሰውን እንዴት እንደሚያስት ከሚናገሩት የክርስቲያን ታሪኮች አንዱን፥ ማለት የበላዔ ሰብእን ታሪክ፥ ሰምተው ሰዎች የሚሰጡትን አስተያየት ነው። ቦታው ሮቢት ነው። ሮቢት በሰሜን ወሎ፥ በራያ ቆላ፥ ከጎብዬ ወደ ቆቦ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። ያገሩ ሰው ማሽላና ጤፍ የሚያርስ፥ ከብት የሚያረባ ሲሆን፥ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ጎረቤት ሆኖ ይኖራል።

አስቀድሞ ስለ አንድ ቃል መናገር ያስፈልጋል። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ መጽሐፋቸውን በ1900 ዓ.ም. በሮም ሲያሳትሙ «ልብ ወለድ ታሪክ» ብለው ሰየሙት፤ እኛም ዛሬ በሐሳብ የተደረሰውን ድርሰት ሁሉ በዚሁ ስም እንጠራዋለን። ነገር ግን ተአምረ ማርያም በቤተ ክርስቲያን ሲነበብ ቆሞ የሚያዳምጠው ምእመን የሚሰማውን ልብ ወለድ ነው አይልም። ስለዚህ እኔም «ታሪክ» ስል ስለ እውነትነቱ ለመፍረድ ሳይሆን ሰሚዎቹ በሚጠሩበት ስም መጥራቴ ነው።

1. ታሪኩ

ተአምረ ማርያም በበዓላት እንዲነበብ ሥርዓት ያጸኑት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ናቸው፤ የነገሡበትም ዘመን እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ከ1434 እስከ 1468 ነው። በላዔ ሰብእ የቅምር አገር ሰው ሲሆን፥ ዘመዶቹንና ቤተ ሰቦቹን ጨምሮ 78 ሰው ገድሎ በላ። በኋላ በመንገድ አንድ የተጠማ ድኻ ውሃ ለመነው፤ በእግዚአብሔር ስም ቢለምነው እንቢ አለ፤ በማርያም ስም ሲለምነው ግን ጥርኝ ውሃ ሰጠው። ሞቶ ነፍሱ በሚዛን በቀረበች ጊዜ በእመቤታችን ምልጃ ያች ጥርኝ ውሃ ከ78ቱ ነፍስ በለጠች ይባላል። የካቲት 16 ቀን በሚከበረው የኪዳነ ምሕረት በዓል ይህ ነገር ይታሰባል፤ በቤተ ክርስቲያን ግድግዳም ሚዛኑና የእመቤታችን ጥላ ተሥሎ ይታያል።

በቃል ትምህርት ሰፍቶ የሚነገረው ደግሞ የነገሩ መነሻ ነው። ሰውዬው አስቀድሞ እንደ አብርሃም እንግዳ ተቀባይ ነበር፤ ሥላሴም ከቤቱ እንዲገቡለት ይመኝ ነበር። ሰይጣን በዚህ ቀንቶ በሥላሴ አምሳል ሆኖ መጣና ልጅህን እረድልን አለው። አርዶ ቀመሰ፤ ከዚያም በኋላ አእምሮው ተለወጠ።

2. ሦስት ዓይነት አስተያየት

የመጀመሪያው አስተያየት የተማሪዎች ነው። በተማርኩበት የሚሲዮን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ይህ ታሪክ በተነሣ ቍጥር ክርክር ይሆን ነበር። የሚቃወሙት፥ 78 ሰው ያለ ፍርድ ሊቀር ነውን? እንዲህስ ከሆነ ኀጢአትን የሚከለክል ምን አለ? ይላሉ። ከወንጌላውያን ወገን የሆኑትም ሰው የሚድነው በጸጋ እንጂ በሥራ አይደለም ሲሉ ወደ ኤፌሶን ሰዎች የተጻፈውን መልእክት ምዕራፍ 2ን ይጠቅሳሉ።

ሁለተኛው የመምህራን መልስ ነው። እነርሱም በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ቍጥር 42 አንድ ጽዋ ቀዝቃዛ ውሃ የሚያጠጣ ዋጋው እንደማይጠፋበት መነገሩን ያስታውሳሉ። ስሟን በሰማ ጊዜ ልቡ ራራ፤ የተመዘነውም የውሃው ብዛት ሳይሆን ያ ርኅራኄ ነው ይላሉ።

ሦስተኛው አስተያየት በክርክር መካከል ስለማይሰማ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ይኸውም የአሮጊቶችና የሽማግሌዎች ነው። እነርሱ ስለ ሚዛኑ ብዙ አይከራከሩም፤ የሚያስደነግጣቸው መነሻው፥ ማለት የእንግዳው ነገር ነው። ሰይጣን ይህን ሰው በስካር ወይም በገንዘብ ፍቅር አልያዘውም፤ የያዘው በደግነቱ በኩል ነው። ባገራችን መንገደኛ ሲመሽበት ከደጅ ቆሞ የእግዜር እንግዳ ነኝ ይላል፤ ባለቤቱም ማንነቱን ሳይመረምር ያሳድረዋል። ታሪኩ በዚህ ልማድ ላይ ከባድ ጥያቄ ይጥላል፤ በእግዜር ስም የመጣው እንግዳ ጠላት ቢሆንስ?

መልሱንም ታሪኩ ራሱ የሚሰጥ ይመስለኛል። ሰውዬው የጠፋው እንግዳውን በመቀበሉ አይደለም፤ እንግዳው ልጅህን እረድ ሲለው በመታዘዙ ነው። የተመለሰውም ደጁን በመዝጋት አይደለም፤ ለተጠማ ሰው ውሃ በመስጠቱ ነው። ስለዚህ ሰሚዎቹ፥ እንግዳ ተቀበል፤ ነገር ግን በእግዚአብሔር ስም ግፍ ከሚያዝህ ተጠንቀቅ፥ ብለው ይተረጕሙታል።

3. ስለ ጥርኝ ውሃ

ጥርኝ ውሃ ጥቂት ነገር ነው የሚለው ቧንቧ ካለበት ቦታ ሆኖ የሚያስብ ሰው ነው። በራያ ቆላ ዝናብ በቀረ ጊዜ ውሃ ምን ያህል እንደሚከብድ የታወቀ ነው። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎን ረኃብ በመታ ጊዜ ከየገጠሩ የወጣው ሕዝብ በአውራ ጎዳናው ዳር ሆኖ ተላላፊውን ይለምን ነበር። በ1977 ዓ.ም. ደግሞ በሰሜን በኩል ያለችው ቆረም የረኃብተኞች መጠለያ ሆና በዓለም ሁሉ ታወቀች። ይህን ያየ ሰው የተጠማውን መንገደኛ ነገር ሲሰማ ከመጽሐፍ ብቻ አይሰማውም። ማን እንደ ሰጠ፥ ማንም እንዳላየ ሆኖ እንዳለፈ ያስታውሳል።

ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም በሃይማኖታቸው የሚቀራረብ ነገር አላቸው። በሐዲስ መጻሕፍት ለተጠማ ውሻ ውሃ ቀድታ ያጠጣች ኀጢአተኛ ሴት ይቅር እንደ ተባለች ተጽፏል። 99 ሰው ገድሎ መቶኛውን የጨመረ፥ ከዚያም ንስሐ ፈልጎ ሲሄድ በመንገድ የሞተ ሰውም የምሕረት መላእክት እንደ ወሰዱት ይነገራል። በሁለቱም ሃይማኖት ሰሚው የሚጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ ብዙ ደም ያፈሰሰ ሰው የሚመለስበት በር አለውን?

4. የውጭ አገር ምሳሌ

ሰሚ ወይም አንባቢ በእንዲህ ያለ ታሪክ ሲሰናከል የሚታየው በእኛ አገር ብቻ አይደለም። ብሪታንያዊው ሲ. ኤስ. ልዊስ አንድ አሮጌ ጋኔን ለወጣቱ ጋኔን ሰውን ስለ ማሳት የጻፈለትን የሚመስሉ ደብዳቤዎች ደርሶ በ1941 (እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር) በአንድ የቤተ ክርስቲያን ጋዜጣ አወጣ። አንድ የገጠር ቄስ ግን ምክሩ የሰይጣን ሆኖ ስላገኘው ጋዜጣውን መግዛት እንደ ተወ ልዊስ ራሱ ተርኳል። ቄሱ የጋኔኑን ቃል የደራሲው ምክር አድርጎ ወሰደው። የበላዔ ሰብእን ታሪክ ለኀጢአት ፈቃድ እንደሚሰጥ አድርጎ የሚወስደውም አንባቢ ከዚህ ቄስ ብዙ አይርቅም።

5. መደምደሚያ

ከዚህ በላይ እንደ ተገለጠው፥ ተማሪውና መምህሩ የሚከራከሩት ስለ ታሪኩ ፍጻሜ ሲሆን፥ ያገሩ ሰሚ ግን በመነሻው ይፈራል፤ በውሃውም ያዝናል። የሚሲዮኑና የቤተ ክርስቲያኑ ልጆች አንዱ ሌላውን ጨካኝ ወይም ተላላ እያለ የሚለያየው፥ አንዳንዴም በአንድ ቤት ወንድማማች የሚኰራረፈው፥ ሁለቱም ሚዛኑን ብቻ ስለሚመለከቱ ነው። ስለ እነዚህ ታሪኮች ለማጥናት የሚፈልጉ ጓደኞቻችን ሰሚውን «ታምነዋለህን?» ብለው ከመጠየቃቸው አስቀድሞ «የደነገጥኸው ከየትኛው ላይ ነው?» ብለው ቢጠይቁ ከክርክር ይልቅ ትምህርት የሚያገኙ ይመስለኛል።