ተጨማሪ መረጃ፦ የነዳጁ ደረሰኝ በየትኛው ሣጥን ይገባል?

ከደብረ ታቦር ተነስቶ የጉና ተራራን አልፎ ወደ ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንት ወይም ስማዳ የሚወርድ የእርዳታ ድርጅት ብዙ ነዳጅ ያቃጥላል። ይህ ነዳጅ የዓላማ ማስፈጸሚያ ነው ወይስ የአስተዳደር ወጪ?

በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት አዋጅ ቁጥር 621 የአስተዳደር ወጪን በ30 በመቶ ገደበ። ጣሪያው ለጋስ ይመስላል። ችግሩ የመጣው ከማስፈጸሚያ መመሪያው ነው፦ የመጓጓዣ፣ የሥልጠናና የክትትል ወጪዎች በአስተዳደር ሥር ተመደቡ። ገደላማ ወረዳ ውስጥ የሚሠራ ድርጅት መንገዱ በራቀ ቁጥር አባካኝ መሰለ፤ ፍርደ ገምድል አሠራር ነበር።

በ2011 ዓ.ም. ይህን የተካው አዋጅ ቁጥር 1113 ለሕዝብ ወይም ለሦስተኛ ወገን ጥቅም ለተቋቋሙ ድርጅቶች ጣሪያውን ወደ 20 በመቶ ዝቅ አደረገ፤ የአስተዳደር ወጪን ትርጉም ግን አጠበበው። አሁን በዚህ ሥር የሚወድቁት ከፕሮጀክት ሥራ ጋር ያልተያያዙ ወጪዎች ናቸው፦ የአስተዳደር ሠራተኞች ደመወዝ፣ የቢሮ ኪራይ፣ የኦዲት ክፍያ፣ መብራትና ውኃ፣ ኢንሹራንስ፣ ቅጣት ሳይቀር። ዓመታዊ ገቢው 5 ሚሊዮን ብር የሆነ ድርጅት ለነዚህ ከ1 ሚሊዮን ብር በላይ ማውጣት አይችልም። ለፕሮጀክት ሥራ የተቃጠለ ነዳጅ ግን እዚህ ውስጥ አይገባም። ስለዚህ ጎበዝ ሥራ አስኪያጅ የመኪናውን የጉዞ መዝገብ በየቀኑ ያስሞላል፤ ኦዲተር መዝገቡን ይጠይቃልና።

ገቢው ካነሰስ? አዲሱ አዋጅ ድርጅቶች ሕጋዊ ንግድና ኢንቨስትመንት ውስጥ ገብተው ገንዘብ እንዲያገኙ ይፈቅዳል። ትርፉ ለዓላማቸው ማስፈጸሚያ ይውላል እንጂ ለአባላት አይከፋፈልም።