ሐዋሳ የአዲስ አበባን ክረምት አታውቅም

ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ሐዋሳ የሚገባ እንግዳ ሻንጣው ውስጥ ከልብሱ ጋር አንድ ሌላ ነገር ቋጥሮ ይመጣል፤ የአዲስ አበባን ወቅት። ከጥቅምት እስከ ጥር መነጽር፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ጃንጥላ። በዚሁ ስሌት ገናን ወይም ጥምቀትን ጠብቆ ይወርዳል፣ በሐዋሳ ሐይቅ ዳርቻ ፍቅር ሐይቅ በሚባለው ቦታ ይንሸራሸራል፣ ከዓሣ ገበያው ከአሞራ ገደል ዓሣውን በልቶ ይመለሳል። ሐምሌ ላይ ደግሞ «አሁን ማን ሐይቅ ዳር ይሄዳል?» ይላል። ሰው ወደ ሐይቁ እንዲሄድም እንዲቀርም ከሚያደርጉት ወሬዎች ብዙዎቹ ግን ውሃው ዳር ሲደርሱ አይጸኑም።

የዝናቡ ነገር ይቅደም። አዲስ አበባ በዓመት ከምታገኘው ዝናብ ግማሽ የሚጠጋው ሐምሌና ነሐሴ ላይ ይወርዳል። ለአዲስ አበቤ ክረምት ማለት እንግዲህ ሁለት ወር ሙሉ ጭቃ ነው። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ፣ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቀመጠችው ሐዋሳ በዓመት የምታገኘው ከ900 እስከ 1,000 ሚሊ ሜትር ያህል ሲሆን እሱም ከሚያዝያ እስከ መስከረም በተቀራራቢ መጠን ተከፋፍሎ ይመጣል። የበልጉ ሚያዝያና ግንቦት ከክረምቱ ሐምሌና ነሐሴ ብዙም አያንሱም። «ክረምቱ ሳይገባ ልድረስ» ብሎ ግንቦት ላይ የመጣ ሰው ቢበሰብስ ሐይቁን ሊወቅስ አይችልም። በሌላ በኩል ነሐሴ ላይ ማልዶ የተነሳ እግረኛ ሾላውና ዋርካው ታጥቦ፣ አቧራው ተኝቶ፣ መንገዱ ባዶ ሆኖ ይጠብቀዋል። ጃንጥላው ከምሳ በኋላ ያስፈልገው ይሆናል።

ብርዱም እንደሚታሰበው አይደለም። የሐዋሳ ቀዝቃዛ ሌሊቶች የሚበዙት በክረምት ሳይሆን በበጋ ነው፤ ከኅዳር እስከ ጥር። ሰማዩ ጥርት ሲል መሬቱ ቀን የሰበሰበውን ሙቀት ሌሊቱን ሁሉ ያስረክባል፣ የክረምት ደመና ግን እንደ ጋቢ ሸፍኖ ያሳድራል። «ስምጥ ሸለቆ ሙቅ ነው» ብሎ በካናቴራ ብቻ የመጣ የጥምቀት እንግዳ፣ ጎህ ሲቀድ ዓሣ አጥማጆቹ መረባቸውን ሲያወጡ ለማየት ሲወጣ ጥርሱ ይንቀጫቀጫል።

ደመና ካለ ፀሐይ አያቃጥልም የሚለው እምነት ደግሞ ስንቱን ማጅራት ልጧል። አልትራቫዮሌት ጨረር ስስ ደመናን ሰንጥቆ ያልፋል፤ ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር የጨረሩ መጠን በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ሐዋሳ በ7 ዲግሪ ሰሜን ላይ ስላለች ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ ልክ በአናቷ ላይ ትቆማለች፤ አንዴ በመጋቢት መጨረሻ፣ አንዴ በነሐሴ መጨረሻ። ሁለተኛው ቀን ሰው ስለ ፀሐይ ጨርሶ በማያስብበት በደመናው ወራት መውደቁ ነው ተንኮሉ። ቀጥተኛው እኩለ ቀንም እዚህ የሚሆነው 6 ሰዓት ሲል ሳይሆን ወደ 6 ሰዓት ተኩል ተጠግቶ ነው። ባርኔጣ ለበጋ ብቻ የተሠራ ዕቃ አይደለም።

ስለ ሐይቁ ራሱ የሚነገረውም ቀላል አይደለም። ወደ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሰፋው ሐዋሳ ሐይቅ በመሬት ገጽ ላይ የሚወጣ ወንዝ የለውም። የጥቁር ውሃ ወንዝ ይገባበታል፣ የሚወጣ ግን አይታይም። ከዚህ ተነስተው «መውጫ የሌለው ሐይቅ ሁሉ ጨው ነው» የሚሉ አሉ፤ ጥቂት ወደ ሰሜን ሻላንና አብጃታን ላየ ሰው ግምቱ ምክንያት አለው። የሐዋሳ ውሃ ግን ዓሣ የሚረባበት፣ ጨዋማነቱ አነስተኛ የሆነ ውሃ ነው። ተመራማሪዎች የሚሰጡት ማብራሪያ ውሃው በእሳተ ገሞራ በተሠራው መሬት ውስጥ ሰርጎ ጨውንም ይዞ ይወጣል የሚል ነው። መውጫ አለው፤ ዓይን አያየውም እንጂ።

ሐይቁ ከፍ የሚለውም ዝናቡ በሚበረታበት ቀን አይደለም። ከተራራው የወረደው ውሃ በምሥራቅ በኩል ያለውን ረግረግ አቋርጦ እስኪደርስ ጊዜ ይፈጃል፤ ስለዚህ ውሃው ወደ ዳር የሚጠጋው ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ ጥቅምትና ኅዳር አካባቢ ነው። በነሐሴ ደረቅ የነበረ የዳር መንገድ በጥቅምት ፀሐይ ረግረግ ሆኖ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ሐይቁ እጅግ ሞልቶ ከተማዋን አስግቷት ነበር፤ ዛሬ እንግዳው በደስታ የሚንሸራሸርበት የከተማው ዳርቻ ግድብ መጀመሪያ ለመዝናኛ ሳይሆን ውሃን ለመከላከል የተሠራ ነው። በምሥራቅ በኩል ያለው ጨለለቃ ደግሞ ተቃራኒውን ታሪክ ይናገራል። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በፊት ጥልቀት የሌለው ሐይቅ ነበር፤ በደለል ተሞልቶ ዛሬ ረግረግና የግጦሽ መሬት ሆኗል።

አሁን ወደ አሞራ ገደል። ስሙ እንደሚለው እዚያ ቆመው የዓሣ አንጀት የሚጠብቁት ትልልቅ ወፎች አሞራ ይመስላሉ፤ ራሳቸው መላጣ፣ አመላቸው ጥንብ አንሣ። አባ ኮዳ የሚባለው ይህ ወፍ ግን ወገኑ ከሽመላ ነው። ስም ያወጣለት ሰው አንገቱ ላይ የተንጠለጠለውን ከረጢት አይቶ ነው፤ ልጆችም «ዓሣውን እዚያ ያጠራቅማል» ይላሉ። ከረጢቱ የአየር ነው፣ ምግብ አይገባበትም። መንቁሩ ሥር ያለውን ከረጢት ዓሣ ለመቅዳት የሚጠቀመው እዚያው ጎን የሚዋኘው ፔሊካን ነው። የአባ ኮዳ እግርም በተፈጥሮው ነጭ አይደለም። ሙቀት ሲበዛበት የራሱን ኩስ እግሩ ላይ ይለቅቃል፣ ኩሱ ሲተን ይቀዘቅዛል፣ ሲደርቅ ነጭ ኖራ ይመስላል። ፎቶ ለመነሳት የሚጠጉት ይህንን ቢያውቁ ትንሽ ፈንጠር ይሉ ነበር።

አባ ኮዳ ዓመቱን ሙሉ አለ። «ወፎቹ ሁልጊዜ እነዚያው ናቸው» የሚለው ግን ስህተት ነው። ከመስከረም ጀምሮ የአውሮፓንና የእስያን ብርድ የሸሹ ይብራዎችና የውሃ ዳር ወፎች ወደ ስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ይወርዳሉ፤ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ተመልሰው ይሄዳሉ። ፊላውና ደንገሉ መሀል በጥር የሚታየው ወፍ በሐምሌ ላይገኝ ይችላል፤ ወፍ ለማየት ለሚመጣ ሰው እንግዲህ የበጋው ምርጫ ትክክል ነው።

በሐይቁ ዳር ያሉትን ጦጣና ጉሬዛ መቀለብም ደግ ሥራ ይመስላል። ጉሬዛ ግን ቅጠል በል ነው፤ ጨጓራው እንደሚያመሰኩ እንስሳት በክፍል የተከፋፈለ ሆኖ ቅጠልን በዝግታ አብላልቶ ይፈጫል። ብስኩትና ዳቦ ይህን አሠራር ያናጉበታል። ጦጣ ሆዱ ይችለው ይሆናል፤ ችግሩ ጠባዩ ላይ ነው። አንዴ ከሰው እጅ የለመደ ጦጣ ቀጥሎ የሚመጣውን ሕፃን ሙዝ ይነጥቃል፣ ሲከለከል ይነክሳል።

ከሁሉ የከፋው ተረት ግን «የሐይቁን ውሃ ካልጠጣሁት ምን ያደርገኛል?» የሚለው ነው። በሐይቁ ዙሪያ በሚኖሩ ተማሪዎችና ዓሣ አጥማጆች ላይ የተደረጉ ጥናቶች የአንጀት ቢልሃርዚያ መኖሩን አሳይተዋል። ይህ በሽታ በአፍ መግባት አያስፈልገውም። በበሽታው የተያዘ ሰው ሰገራ ውሃ ውስጥ ሲገባ እንቁላሉ ይፈለፈላል፣ ጥገኛው ቀንድ አውጣ ውስጥ ይባዛል፣ ከዚያ ወጥቶ በውሃው ይዋኛል። የሰው ቆዳ ካገኘ በደቂቃዎች ውስጥ ዘልቆ ይገባል። ውሃው ጥርት ማለቱ ምንም አይናገርም። ጥገኛው ከቀንድ አውጣው በብዛት የሚወጣው ብርሃን ሲበረታ፣ እኩለ ቀን አካባቢ ነው፤ የደከመው እግረኛ ጫማውን አውልቆ እግሩን የሚነክርበት ሰዓት መሆኑ ነው። ምልክቱ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ሊመጣ ስለሚችል ብዙ ሰው ሆድ ቁርጠቱን ከሐዋሳ ጉዞው ጋር አያገናኘውም። ፕራዚኳንቴል የሚባል መድኃኒት አለው፤ ሐኪሙ ግን ሐይቅ ውስጥ መግባትዎን ካልነገሩት በምን ያውቃል?

ወባ ላይም «ከተማ ነው፣ ደጋማ ነው» የሚል መዘናጋት አለ። በኢትዮጵያ ከ2,000 ሜትር በታች ያለ ቦታ በአጠቃላይ ለወባ የተጋለጠ ተብሎ ይቆጠራል፤ ዋናው የመተላለፊያ ጊዜም ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው። ሐይቁ በጣም የሚያምርበት ወራት ማለት ነው። ቀን መንሸራሸር ብዙም አያሰጋም፤ አጎበር ማታ ነው የሚያስፈልገው።

ጉማሬውስ? በጥቁር ውሃ በኩል በጀልባ ወስደው የሚያሳዩት ጉማሬ ሣር በል ነውና የዋህ ነው ይባላል። ሣር መብላቱ እውነት ነው፤ በአንድ ሌሊት 40 ኪሎ ያህል ይግጣል። ይህን የሚያደርገው ግን ውሃው ውስጥ ሳይሆን ዳር ላይ ወጥቶ፣ ከምሽት እስከ ንጋት፣ እግረኛው ፀጥታ ፍለጋ በሚወጣበት ሰዓት ነው። ወደ ውሃው በሚመለስበት መንገድ መሀል የቆመ ሰው ለጉማሬ ጠላት ነው፤ በአጭር ርቀት ደግሞ ከሰው ይፈጥናል። ከከተማው ዳርቻ ወጥቶ ወደ ረግረጉ የሚሄድ ሰው ፀሐይ ከወጣች በኋላ ቢነሳ፣ የአካባቢውን ሰውም ቢያስከትል ይሻለዋል።

የእግር ጉዞው መጨረሻ ብዙ ጊዜ ዓሣ ነው። የሾርባውና የጥብሱ ነገር አያጣላም። ጥሬውን በአዋዜ ለሚወዱ ግን፦ ሎሚም ሆነ በርበሬ የዓሣ ጥገኛ ትልን አስተማምኖ አይገድልም። የሚገድለው እሳት ነው፣ ወይም ለቀናት የቆየ ጠንካራ ቅዝቃዜ።

አንድ የመጨረሻ የቀን ስህተት አለ። በሐይቁ ዳር በጉዱማሌ የሚከበረው የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፍቼ ጨምበላላ፣ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2015 በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ያሰፈረው በዓል፣ ብዙ እንግዳ እንደሚገምተው እንደ ገና የቆረጠ ቀን የለውም። አያንቶ የሚባሉት አዋቂዎች ጨረቃንና ከዋክብትን አይተው ይወስኑታል፤ ከዓመት ዓመትም ይንቀሳቀሳል። የአምናውን ቀን ይዞ ሆቴል ያስያዘ ሰው ጉዱማሌን ባዶውን ሊያገኘው ይችላል።