ላማሌራ፦ ዓሣ ነባሪው ሳይያዝ ባለድርሻው የሚታወቅበት መንደር

ወዳጆቼ፣ ካርታ ካላችሁ ዘርጉልኝ። ኢንዶኔዥያን አግኙና ከባሊ ተነሥታችሁ ወደ ምሥራቅ ሂዱ፤ ሎምቦክን፣ ሱምባዋን፣ ከዚያም ረጅሙን ፍሎሬስን እለፉ። ፍሎሬስ ሲያበቃ ትንንሽ ደሴቶች ተከታትለው ይመጣሉ፦ አዶናራ፣ ሶሎር፣ ሌምባታ። በሌምባታ ደቡባዊ ጠረፍ፣ ላባሌካንግ ከሚባለው እሳተ ገሞራ ተራራ ግርጌ፣ ፊቱን ለሳቩ ባሕር የሰጠ አንድ መንደር አለ። ስሙ ላማሌራ ነው፤ ነዋሪው ሁለት ሺህ ገደማ ቢሆን ነው። ከደሴቲቱ ዋና ከተማ ከሌዎሌባ ተነሥቶ እዚያ ለመድረስ በኮረኮንች መንገድ ለሰዓታት መጓዝ ያስፈልጋል።

ዓለም ላማሌራን የሚያውቀው በአንድ ነገር ነው። ወንዶቹ በእንጨት ጀልባ ወጥተው፣ ከቀርከሃ እጀታ ጋር ዘለው፣ ስፐርም ዌል የሚባለውን ግዙፍ ጥርሳም ዓሣ ነባሪ በጦር ይወጋሉ። ፎቶግራፉ ያስደነግጣል፣ ፊልሙም ብዙ ተመልካች አለው። እኔ ግን ልነግራችሁ የጓጓሁት ካሜራው ከጠፋ በኋላ ስለሚሆነው ነው፤ ሥጋው ለማን እንደሚደርስ። የመንደሩ ትልቁ የፈጠራ ሥራ እሱ ይመስለኛል።

መጀመሪያ ግን ለምን ባሕር ላይ ወጡ? መሬቱ ስለማያበላቸው ነው። ቁልቁለትና ድንጋይ ነው፤ ዝናቡ አጭር፣ በጋው ረጅም። የደጋው ሰው ከተራራው ላይ በቆሎ ያበቅላል፤ ላማሌራ ግን የጥቁር አሸዋ ዳርቻና ገደል ነው የደረሰው። በአንጻሩ ባሕሩ ከዳርቻው ብዙም ሳይርቅ በጣም ይጠልቃል። የፓስፊክ ውቅያኖስ ውኃ ወደ ሕንድ ውቅያኖስ የሚሻገረው በእነዚህ ደሴቶች መካከል ባሉ ጠባብ መተላለፊያዎች ነው፤ ስፐርም ዌሎችም በዚያው ያልፋሉ። ይህ እንስሳ ስኩዊድ ፍለጋ አንድ ሺህ ሜትርና ከዚያ በላይ ጠልቆ የሚወርድ በመሆኑ ጥልቅ ውኃ ይወዳል። በሌላ ብዙ ቦታ ጥልቁን ባሕር ለማግኘት ከዳርቻ ብዙ መራቅ ያስፈልጋል፤ እዚህ ግን ከቤት ደጃፍ ቆሞ የዓሣ ነባሪውን ትንፋሽ ማየት ይቻላል።

በመንደሩ ትውፊት መሠረት አባቶቻቸው ከሱላዌሲ አካባቢ ተነሥተው፣ ሌፓን ባታን በምትባል ደሴት ሰፍረው ኖረዋል። ደሴቲቱን ባሕር ሲበላት ሸሽተው ሌምባታ ደረሱ። በደረሱበት ግን መሬቱ ባለቤት ነበረው። የመሬቱ ጌቶች የሚባሉት ጎሣዎች ለመጤዎቹ መስፈሪያ ሰጧቸው። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ ሥጋ ሲከፈል ተመልሳ ትመጣለች።

ጀልባቸው ቴና ይባላል። አሥር ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ ሳንቆቹ የሚያያዙት በእንጨት ችንካርና በገመድ ነው፣ የብረት ምስማር የለበትም። የጥንቱ ሸራ ከዘንባባ ዓይነት ቅጠል የተሸመነ ነው። እያንዳንዱ ሳንቃ የት እንደሚገባ አባቶች ወስነውታል፤ ሠሪው ልቡ እንዳሻው አይቀይረውም። ቴና የአንድ ሰው ንብረትም አይደለም። በአንድ ጎሣ ሥር የተሰባሰቡ ባለድርሻዎች አሉት፤ እነሱ እንጨቱን ያቀርባሉ፣ ያስጠግናሉ፣ ሠራተኛውን ይመግባሉ። ጀልባው አርጅቶ በአዲስ ሲተካ የቀድሞው ስም ለአዲሱ ይተላለፋል፤ ስለዚህ ዛሬ የሚንሳፈፍ አንድ ቴና ስሙ ከእንጨቱ በዕድሜ ብዙ ይበልጣል።

የአደኑ ወቅት ሌቫ ይባላል፤ ከግንቦት እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። ከዳርቻ ቆሞ የሚቃኝ ሰው ዓሣ ነባሪ ካየ «ባሌኦ!» ብሎ ይጮኻል። ጩኸቱ ከቤት ወደ ቤት እየተቀባበለ መንደሩን ያዳርሳል፤ የያዘውን ሥራ ጥሎ የማይሮጥ ወንድ የለም። ጀልባው ከመጠለያው በእንጨት ላይ እየተንሸራተተ ወደ ውኃ ይወርዳል። ጦረኛው ላማፋ ይባላል። ቦታው ከጀልባው አፍንጫ ወደ ፊት በወጣ መረማመጃ ላይ ነው፤ ጦሩን አይወረውርም፣ አብሮት ይዘላል። የሰውነቱ ክብደት ነው ብረቱን ወደ ውስጥ የሚያስገባው። ከዚያ በኋላ ዋኝቶ ወደ ጀልባው ይመለሳል፤ ጦሩ ላይ የታሰረው ገመድ ደግሞ መንጎድ ይጀምራል። በገመዱ የተያዘ ሰው እግሩን ወይም ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1994 የቆሰለ ዓሣ ነባሪ ጀልባዎቹን ከነሰዎቻቸው ጎትቶ ከመንደራቸው ርቆ በመውሰዱ፣ ሰዎቹ ለቀናት ውኃ ላይ ተንከራትተው ነው የተረፉት።

እንግዲህ እንስሳው ሞቶ ወደ ዳርቻ ተጎተተ እንበል። ብልት ማውጣት የሚጀምረው ያኔ ነው። በእኛ አገር ቅርጫ ሲታረድ መደቡ እኩል ይደለደልና ዕጣ ይጣላል፤ ማንም ሰው የትኛው መደብ እንደሚደርሰው አስቀድሞ አያውቅም። በላማሌራ ተቃራኒው ነው። ዓሣ ነባሪው ገና ባሕር ውስጥ እየዋኘ ሳለ እያንዳንዱ ብልቱ ባለቤት አለው። በዚያ ቀን የቀዘፉት ሰዎች የራሳቸው ክፍል አላቸው። የጀልባው ባለድርሻዎች፣ ያን ቀን ባሕር ባይወጡም፣ የራሳቸው አላቸው። ላማፋው፣ የጦሩን ብረት የቀጠቀጠው አንጥረኛ፣ ጀልባውን የሠራው አናጢ፣ ሸራውን ያዘጋጀው ሰው፣ ሁሉም ተለይቶ የታወቀ ቁራጭ ይደርሳቸዋል። ከአንድ በላይ ጀልባ ተባብሮ ከገደለ ደግሞ መጀመሪያ በጀልባ ይከፈላል። ያዙልኝ ያልኳችሁም ነገር እዚህ ላይ ነው፤ ከጭንቅላቱ የተወሰነው ክፍል የሚሄደው ለመሬቱ ጌቶች ጎሣዎች ነው። ከትውልዶች በፊት ለተሰጠ መስፈሪያ ዛሬም ድረስ ይከፈላል።

ይህ የመጀመሪያው ዙር ብቻ ነው። ድርሻውን የወሰደ ሁሉ ቤቱ ሲደርስ እንደገና ይቆርሳል፦ ለእኅት፣ ለአማት፣ ለጎረቤት፣ ባሏ በባሕር ለቀረባት ሴት፣ ለአረጋዊ። አንድ ሰው ሁለት ሦስት ዓይነት ድርሻ ሊኖረው ይችላል፤ አንዱ በመቅዘፉ፣ አንዱ በአባቱ የጀልባ ድርሻ፣ አንዱም በእጅ ሥራው። ወደ ማታ ጭስ የማይወጣበት ቤት የለም። እኛ ከሩቅ ሆነን ይህን «ደግነት» ልንለው እንቸኩላለን፤ ቸርነትም አለበት፣ እርግጥ ነው። ግን መሠረቱ ስሌት ነው፤ ሁሉም የሚያውቀው፣ ማንም ብቻውን የማይቀይረው ስሌት። አሥርና ከዚያ በላይ ሰው ሞት ወዳለበት ባሕር አብሮ የሚገባው ሲመለስ ስለ ሥጋ እንደማይጣላ ስለሚያውቅ ነው።

ይህን የሚደግፍ አንድ ጥናት አለ፤ እኔ በጣም ነው የምወደው። ማይክል አልቫርድ የተባለ አሜሪካዊ አንትሮፖሎጂስት በላማሌራ አንድ ጨዋታ አጫወተ። ጨዋታው እንዲህ ነው፦ ለአንዱ ሰው የሆነ ነገር ይሰጠውና ማንነቱን ለማያውቀው ሌላ ሰው የፈለገውን ያህል እንዲያካፍል ይጠየቃል። ተቀባዩ ከተስማማ ሁለቱም ይወስዳሉ፤ «አልፈልግም» ካለ ሁለቱም ባዶ እጃቸውን ይሄዳሉ። በገንዘብ ቢሆን ቁማር ይመስላል ተብሎ በሲጋራ ፓኬት ተደረገ። ይኸው ጨዋታ በ15 ትንንሽ ማኅበረሰቦች ውስጥ ተካሂዶ ነበር፤ ውጤቱም በዚህ ምዕት ዓመት መጀመሪያ ላይ ታተመ። በፔሩ ጫካ የሚኖሩት ማቺጌንጋዎች በአማካይ 26 በመቶ አካፈሉ። ላማሌራዎች ግን በአማካይ 58 በመቶ ሰጡ። ከግማሽ በላይ! ከ15ቱም ከፍተኛው ነበር። ይህ ላማሌራን የቅዱሳን መንደር አያደርገውም። አልቫርድና ባልደረቦቹ የሰጡት ማብራሪያ የበለጠ አሳማኝ ነው፦ ዕድሜውን ሙሉ ብቻውን ሊያገኘው የማይችለውን ትልቅ ነገር ከሌሎች ጋር አግኝቶ ሲከፋፈል የኖረ ሰው፣ በጨዋታም ላይ የሚያመጣው ያንኑ ልማዱን ነው።

ሥጋው ግን በቆሎ አይሆንም። የላማሌራ ሌላኛው ግማሽ ሕይወት ያለው በሴቶቹ እጅ ነው፤ ፊልሞቹ ይህን ለምን እንደሚዘሉት አይገባኝም። ሥጋው በዘንግ ላይ ተሰቅሎ ፀሐይ ላይ ይደርቃል፣ ስቡ እየቀለጠ ዘይቱ ይጠራቀማል። ሴቶቹ ደረቁን ሥጋ፣ ጨውና ኖራ በቅርጫት አድርገው፣ በራሳቸው ተሸክመው ወደ ተራራው መንደሮች ይወጣሉ። ሲመለሱ በቆሎ፣ ሙዝ፣ ስኳር ድንችና ሩዝ ይዘው ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ በቅርቡ በሚገኘው ዉላንዶኒ ገበያ ይቆማል፤ ባሕረኛውና ደገኛው በሁለት ወገን ሆነው ይጠባበቁና ፊሽካ ሲነፋ ልውውጡ ይጀመራል። ቆጠራው በስድስት በስድስት ነው፤ ለአንድ ቁራጭ ደረቅ ሥጋ ሁለት ስድስት፣ ማለትም 12 በቆሎ ወይም 12 ሙዝ፣ የተለመደ ምንዛሪ ነው። ገንዘብ ጠፍቶ አይደለም። በቆሎ አምራቹ ሥጋ ይፈልጋል፣ ሥጋ ያላት በቆሎ ትፈልጋለች፤ የታወቀው ምንዛሪ በከተማ ዋጋ መውጣትና መውረድ አይናወጥም።

ስለ ጋብቻቸውም አንድ ነገር ጣል ላድርግ። በዚህ አካባቢ ለሙሽራዋ ቤተሰብ የሚሰጠው ጥሎሽ የዝሆን ጥርስ ነው፤ ደሴቶቹ ላይ ግን ዝሆን የለም። ጥርሶቹ ከዘመናት በፊት በነጋዴ መርከብ የገቡ ናቸው፤ ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ ይኖራሉ። የሙሽራዋ ወገን በበኩሉ ሴቶቹ የሸመኑትን ጨርቅ ይመልሳል፤ በጨርቁ ላይ ብዙ ጊዜ የቴናና የማንታ ሬይ ዓሣ ምስል ይገኛል።

መንደሩ ካቶሊክ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሕፃናት የተጠመቁት እ.ኤ.አ. በ1886 ሲሆን፣ ሃይማኖቱ ሥር የሰደደው በርንሃርድ ቦደ የተባለው ጀርመናዊ ካህን በ1920ዎቹ ከመጣ በኋላ ነው። የድሮው እምነት ግን አልተባረረም፤ ቦታ ተከፋፈሉ ብንል ይሻላል። በሚያዝያ መጨረሻ የመሬቱ ጌቶች ወገን ተራራው ላይ ወጥቶ ዓሣ ነባሪዎቹን ይጠራል። ከዚያ በባሕር ለሞቱት ጸሎት ይደረጋል፤ ግንቦት 1 ቀን (በፈረንጆቹ) ካህኑ አሸዋው ላይ ቀድሶ ጀልባዎቹን ይባርካል። በሌቫ ወራት ቤት ውስጥ መጣላት ያስፈራል። የታረቀ ያልታረቀውን ጀልባው ያውቃል ይባላል፤ አደን ሲከሽፍ መጀመሪያ የሚጠየቀው የአየሩ ነገር ሳይሆን ማን ከማን ጋር እንደተኳረፈ ነው። ይህም ከድርሻው ሥርዓት የተለየ አይደለም፤ አብሮ የሚቀዝፍ ሰው ቂም ይዞ ቢገባ ሁሉም ይሰጥማል።

«ዓሣ ነባሪ መግደል አይከብድም ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። ይከብዳል፤ እኔንም ይከብደኛል። ስፐርም ዌል ለአደጋ የተጋለጠ እንስሳ ነው። ግን ቁጥሩን ጎን ለጎን እንየው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን የኢንዱስትሪ መርከቦች ከ700,000 በላይ ስፐርም ዌል ገድለዋል፤ ላማሌራ በአማካይ በዓመት 20 ገደማ ይይዛል፣ አንዳንድ ዓመት ከዚያም በጣም ያነሰ። የአደኑ ጥንታዊነትም አያጠራጥርም፤ የደሴቶቹ ሰዎች ዓሣ ነባሪ እንደሚያድኑ የሚገልጽ የፖርቱጋል ጽሑፍ እ.ኤ.አ. ከ1624 አለ። ሰማያዊውን ዓሣ ነባሪና መሰሎቹን ደግሞ አይነኩም፤ በትውፊታቸው ለአባቶቻቸው ውለታ የዋለ እንስሳ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት አደኑን ለማዘመን የኖርዌይ ባለሙያና ዘመናዊ የማደኛ ጀልባ ልኮ ነበር። ፕሮጀክቱ ብዙም አልቆየም። ይልቅስ ኑሮውን የለወጠው ከጀልባ በስተኋላ የሚገጠመው ሞተር ነው፤ እዚያ «ጆንሰን» ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ2014 ደግሞ ኢንዶኔዥያ የማንታ ሬይ ማጥመድን በመላ አገሪቱ ከለከለች፤ ማንታ ለላማሌራ በየሳምንቱ የሚገኝ እንጀራ ነበርና ክርክሩ ገና አልበረደም።

እኔን ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ሞተሩና መረቡ ነው። ቴና ብዙ ቀዛፊ ስለሚፈልግ ብዙ ባለድርሻ አለው። ሞተርና መረብ ያለው ሰው ግን ከልጁና ከወንድሙ ጋር በሌሊት ወጥቶ፣ ዓሣውን ይዞ፣ ንጋት ላይ ይመለሳል። በሕግም በልማድም ያጠፋው ነገር የለም፤ ግን ለመረብ ዓሣ አባቶች ያወጡት ብልት የለም። ዓሣ ነባሪ ሲታይ ታዲያ መንደሩ ያገኘው መፍትሔ ይህ ነው፦ የሞተሩ ጀልባ ቴናውን በፍጥነት እየጎተተ ያደርሰዋል፤ እንስሳው አጠገብ ሲደርሱ ገመዱ ይፈታል፣ ሰዎቹ መቅዘፊያቸውን ያነሣሉ፣ ላማፋውም የሚዘለው ከቴናው ላይ ነው። ፍጥነቱን ከአዲሱ ወሰዱ፤ ድርሻውን ግን ለአሮጌው ጀልባ ተዉለት። በዚህ ስምምነት ላይ ሽማግሌዎቹና ወጣቶቹ አሁንም ይከራከራሉ፤ ነዳጁን የገዛው ሰው ከየትኛው ብልት ይቆረጥለት የሚለው ጥያቄም አብሮ ይነሣል።